ጓሳ ይከፈትልን የተባለ ዕለት

ረፋድ፣ ጓሳ

ዛሬ በስተርጅና ሌባ ሆኜ ተያዝሁ። አዲሱ ጫማዬ ሰፍቶኝ ቢያስቸግረኝ እፍኝ ሣር ነጭቼ ወተፍሁበት። ጓሳ የሚሉት ይህ የደጋ ሣር አገሬው የከለለው ነው ለካ! ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው!

ከደብረ ብርሃን ትናንት የተነሣሁት የአየሩን መዛባት ከገበሬው አፍ ልሰማ ነበር። ሚሊኒየሙን በጭፈራ ተቀብለን የበልጉ ዝናብ ግን ቀረብን። አውቶቡሳችን ሞላሌ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጠብቅ ስንዝር ሳይሞላ የደረቀውን ገብስ አየሁ። መሐል ሜዳ አድሬ በእግሬ ወጣሁ።

የጓሳው ጠባቂ በላይነህ ከቋጥኝ ጀርባ ብቅ አለ።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የወተፉት?»

«እግሬን።»

ሳቁን ዋጥ አደረገና «በሉ ይከተሉኝ፤ ዛሬ ሸንጎ አለ» አለኝ።

ከቀትር በኋላ፣ ሸንጎው

የተፈረደብኝ ዝም ብዬ እንድሰማ ነው። ለአስተማሪ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ጉዳዩ ሣሩ ያለ ጊዜው ይከፈት ወይስ አይከፈት ነበር። ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ዘነቡ ተነሣች። «ገብሴ ደርቋል። ክፈቱልኝና ሣር አጭጄ ሸጬ ልጆቼን ላብላ!»

«ሣሩ ካለቀ አይጥ የምታድነው ቀበሮም ትሰደዳለች፤ አይጡም ገብስሽ ላይ ይወርዳል» አላት በላይነህ።

«ይውረዳ! ገብስ ካገኘ ለኔም ይንገረኝ!»

ሸንጎው በሳቅ ተንከተከተ። አንድ ሽማግሌ ግን «ጉሙን የሚይዘው ሣሩ ነው፤ ምንጩም የሚኖረው በሱ ነው» አሉ።

ልቤ እንደ ጥጃ ቦረቀ! ዝናብን ለብቻ፣ አይጥን ለብቻ ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ፤ እነዚህ ሰዎች አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደሚነቃነቅ ያውቃሉ። ዝናብ ሲጠፋ ሰው ሣሩን ያጭዳል፤ ሣሩ ሲያልቅ ምንጩ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ይብሳል፣ ማጭዱም ይመለሳል።

በመጨረሻ የምንጮቹ ራስ እንደተዘጋ ቀረ፤ ደረቁ ተረተር ተከፈተ፣ ያውም ከድሆቹ ተጀምሮ። ዘነቡ ማጭዷን አነሣች።

ስሰናበታት ቅጣቴን ረስቼ ማስተማር አማረኝ፤ የሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ጭስ ሰማዩን እያሞቀው መሆኑን ነገርኋት።

«እኔ ለአንድ ሸክም ሣር ሸንጎ ቆሜ ለመንሁ» አለችኝ። «እነሱስ ለሰማዩ የሚቆሙት የት ሸንጎ ነው? ጠባቂውስ ማነው?»

«ጠይቄ መልሱን በደብዳቤ እልክልሻለሁ» አልኋት።

ደብረ ብርሃን

ቤቴ ከገባሁ ሳምንታት አለፉ። ከጉዞው የተማርሁትን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ አሰልችቻለሁ። ደብዳቤው ግን «ይድረስ ለወይዘሮ ዘነቡ» ከሚለው አላለፈም። የሰማዩ ጠባቂ ማን እንደሆነ አሁንም እየጠየቅሁ ነው።