የሞላሁት ፎርም

ሌባ ቤታችንን ሰብሮ ከገባ በኋላ ባለቤቴ እንቅልፍ ስላጣች፣ አንድ ቀን ኒው አልባኒ ከተማ ካለው የዕቃ መጋዘን ሥራ ስወጣ ሽጉጥ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ፎርም ሰጠኝ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የተወለድኩበትን አገር ሳይቀር ሞላሁ።

«ይሄ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«የትም አይሄድም፣ እዚሁ ነው የሚቀመጠው» አለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ይህን ስናገር አብረውን የሚኖሩት አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። በደርግ ጊዜ ጠመንጃቸውን ቀበሌ ሄደው አስመዝግበው ነበር። በኋላ የቀበሌው ታጣቂዎች ስማቸውን ከመዝገቡ አይተው መጡና ጠመንጃውንም እሳቸውንም ወሰዱ። ስምንት ወር ታሰሩ።

«አባዬ፣ ምንም አይመጣም፤ ለደንቡ ያህል ነው» አልኳቸው።

«እኔም ያኔ ለእናትህ እንደዚሁ ነበር ያልኳት» አሉኝ።

በዓመቱ ሽጉጡን የገዛሁበት ሱቅ ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁ። ደውዬ ወረቀቴን እንዲመልስልኝ ሻጩን ለመንኩት።

«አልችልም። ሱቅ ሲዘጋ ፎርሞቹ በሙሉ ለመንግሥት ይላካሉ፤ ሕጉ ነው» አለኝ።

ማን እንደሚያነበው፣ እስከ መቼ እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? የማላውቀው መኪና ደጃችን ላይ ሲቆም እሳቸው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ እኔም አሁን አሁን ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ።