ግድቡ ሲጎድል

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በልጉ ጭራሽ በቀረበት ዓመት ነው። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ለሰፈራችን ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከታች ቆላው በኩል ከተገደበ ወንዝ፣ በሞተር እየተገፋ ነበር። ወንዙን የገደቡት በሁለት ኮረብታዎች መሃል ሲያልፍ ነው። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የተኛበት ሜዳ ደግሞ የተወለድኩበት መንደር ነው። ሰዉ ካሳውን ተቀብሎ ተነሣ። አባቴ ግን እዚያው ቀረ፤ ግድቡ ከመታሰቡ በፊት ሞቶ መንደሩ ዳር ተቀብሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ስላሉ አፅሙ ሳይነሣ ውሃ ዋጠው። እናቴም እኔ ዘንድ ገባች።

በዚያ ዓመት ውሃ በፈረቃ መምጣቱም ቀርቶ ብርቅ ሆነ። ከሥራ መልስ ጀሪካን ይዤ ስዞር ወገቤ ተቆረጠ። ብናማርርም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን። ሰፈርተኛው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዝናብ ይለምን ጀመር። አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ዱዓ ሲደረግ ሁሉም አሚን ሲል እናቴ ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች። ሰዉ ሲበተን ተቆጣኋት። የምሸከመው እኔ፣ አሚን የምትነፍጊኝ አንቺ አልኳት።

‹‹ውሃው ጎድሎ አባትሽ ብቅ ብሏል አሉኝ›› አለች። ‹‹ሳላየው እንዴት ይዝነብ ልበል?››

ለካ ለገበያ የመጡ የድሮ ጎረቤቶቿ ነግረዋት ኖሯል።

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፍረን መንገድ ላይ ወረድንና በእግር ቀጠልን። እሷ ጉልበቷን ያማታል፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግድቡ አጥር ጋ ስንደርስ ዘበኛው አስቆመን። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ፊቱ ድካም ያለበት ጎልማሳ ነው። የከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ስለሆነ መግባት ክልክል ነው አለን። እናቴ አልለመነችውም። የመጣችበትን ነገረችውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ዘበኛው አንዴ እኛን አንዴ ውሃውን አየ። ከዚያ ‹‹ይነሡ እናቴ። ጭቃው ይይዝዎታል፣ እኔን ይደገፉ›› ብሎ እጇን ያዘ።

ከመቃብሩ የሚታየው የራስጌው ድንጋይ ብቻ ነበር። እናቴ ደለሉን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችለትና ፋቲሐ ቀራች። እኔ ማልቀስ ሲገባኝ ዓይኔ ከውሃው ላይ አልነሣ አለ። የቀረችው ትንሽ ናት፤ ለሆጤ እስከ መቼ ትበቃ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ድካም እንዲህ ያደርጋል።

እናቴ ስትጨርስ ሁለት እጇን ዘረጋች።

‹‹ያ አላህ፣ አየሁት። እንግዲህ አዝንበው›› አለች።

ዘበኛው ከኋላችን ኮፍያውን አውልቆ አሜን አለ።

ክረምቱ ገባ፣ የቧንቧው ውሃ መጣ፣ ሰፈሩ ፈነደቀ። እኔ ጀሪካኖቼን ስሞላ እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሚወርደውን ውሃ አየችና ‹‹አባትሽ ተመልሶ ውሃ ለበሰ›› ብላ ገባች።

ዛሬ እሷም የለችም፤ ያረፈችው እዚሁ ደሴ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ከሰው ጋር እጄን ዘርግቼ እለምናለሁ። ውሃ ማጣትን ስለማውቀው ልመናዬ ከልብ ነው። ግን አባቴን የሚጠይቀው ከእኔ ሌላ ሰው አልቀረም። ዝናቡ ትንሽ ቆይቶ ይምጣ የምትል ነገር ሁልጊዜ ሆዴ ውስጥ ትቀራለች።