ወደ ታች የምታየው ጉሬዛ

ሌንሱን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ስፈታው የሻጋታ ሽታው ቀድሞ ወጣ። የመቱ ዝናብ መስታወት እንኳ ያሻግታል። ልጄ፣ «አባዬ፣ ለዱር እንስሳ ዙም ሌንስ ልግዛ ወይስ ባለ አንድ ርቀቱን?» ብለሽ በደወልሽልኝ ማግስት ነው ያወጣሁት። መልሴን ታውቂዋለሽ፤ «ባሉበት ቆሞ ሩቁን በዙም ማቅረብ የሰነፍ ነው፤ ማየት የፈለገ በእግሩ ይጠጋ» እያልኩ ነው ያሳደግኩሽ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከባልንጀራዬ ጋር መቱ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ከፍተን ነበር። ሙያውን ከአንድ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ነው የለቀምኩት። መስኮታችን ላይ የማን ፎቶ እንደሚሰቀል ተፎካክረን፣ ጉሬዛ ልናነሳ ያዮ ጫካ ሄድን። መንገድ የመሩን አንድ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ነበሩ። ጫካው እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ከላይ አንዲት ጉሬዛ ጥጥ የመሰለ ግልገሏን አቅፋ ተቀምጣለች።

ባልንጀራዬ ከቆመበት ሆኖ በዙሙ አነሳት። «እንካ ይሄን፤ ያንተ ባለ አንድ ርቀትማ ቁንጫ አሳክሎ ነው የሚያወጣት» ብሎ ሳቀብኝ።

እልህ ያዘኝ። ሽማግሌው ቀፎ ሊሰቅሉ የሚወጡበት ገመድ ጉሬዛዋ ካለችበት አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሱን ይዤ ወጣሁ።

«ሱታ! ቀስ በል አንተ ልጅ፣ አራስ ናት!» አሉኝ ከታች።

አልሰማኋቸውም። ፊቷ ሌንሴን እስኪሞላው ተጠጋሁ። ደንግጣ ዘለለች፤ ግልገሉ ግን አጥብቆ አልያዛትም ነበር። ከወዲያኛው ቅርንጫፍ ሆና ወደ ታች ዞር ስትል ጣቴ ቁልፉን ተጫነ።

ግልገሉ የወደቀበት ድምፅ ትንሽ ነበር። ዛሬም ከጓሯችን አቮካዶ ቆርቆሮው ላይ ዷ ሲል ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ።

ሽማግሌው ግልገሉን በኮባ ቅጠል ሸፈኑት። አልተቆጡኝም። ገመዳቸውን ብቻ ጠቅልለው መለሱን፤ ያን ቀን ማር አልቆረጡም።

የኔ ፎቶ አሸነፈ። ባልንጀራዬ ራሱ ሰቀለው፤ ስለ ግልገሉ ግን ሁለታችንም ዳግም አላነሳንም። ከጎሬ የመጣ ሰው ሳይቀር ዓይኗን እያደነቀ «እንዴት ቀረብካት?» ሲለኝ «በትዕግሥት» እል ነበር። ዋሽቻለሁ። ውሸቴንም ምክር አድርጌ አወረስኩሽ።

ፎቶው ሳሎናችን ከገባ በኋላ፣ ገና ፊደል ስትቆጥሪ፣ ከሥሩ ቆመሽ «አባዬ፣ ታች ምን ወድቆባት ነው?» አልሽኝ። ጉሬዛዋ ወዴት እንደምታይ የጠየቀኝ ሰው ካንቺ በቀር የለም። እኔም «ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ» አልኩሽ።

ዙሙን ግዢ፣ ልጄ።