አዲስ ሰው መስዬ የገባሁበት በር

የእህቴን ስልክ የሰጠችኝ አሠሪዋ፣ ማዳሟ ናት። አል ዓይን ከተማ፣ አል ጂሚ ሰፈር፣ እህቴ ለአምስት ዓመት ልጆች ያሳደገችበት ቤት በር ላይ ቆማ፣ ስልኩን በሻሽ ጠቅልላ። እህቴ ራሷን አሟት ከወደቀች በኋላ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። አስከሬኗ አገር ቤት ሄዷል። እኔ ሥራ ስላለኝ ቀረሁ። ሥራ ስላለኝም አይደለም፣ ፈቃድ ስላልሰጡኝ ነው።

ማዳሟ አለቀሰች። እንዲህም አለችኝ፦ “ስልኳ ውስጥ ጓደኞች ነበሯት። ከእነሱ ጋር ስትሆን ትስቅ ነበር።”

ምን ጓደኛ? እህቴ ከቤት የምትወጣው በወር ሁለት ቀን ነበር።

ወደ አቡ ዳቢ በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ከፈትኩት። አንድ ጨዋታ አገኘሁ። ጨዋታ ልበለው እንጂ ማሸነፍና መሸነፍ የለበትም። ሰው የራሱን ምስል ሠርቶ የሚገባበት፣ መንገድና ቤት ያለው፣ ባሕርም ያለው ዓለም ነው። አሠሪዎቿ ልጆቻቸው ከማን ጋር እንደሚጫወቱ እንድትጠብቅ ብለው አስገብተዋት፣ በዚያው ቀርታለች። መልእክቶቹን አነበብኩ። አብዛኞቹን የላከችው ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች አንዲት ምስል ናት። “አስር ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ። አዲስ ሰዎች አሉ።” ደግሞ በማግስቱ፣ “አዲስ ሰዎች አሉ፣ እንዳትቀሪ።”

አዲስ ሰዎች የሚለውን አልወደድኩትም። እዚህ አገር አዲስ ሰው የሚፈልገው ብዙ ነው። ሥራ ላስገባሽ የሚል አለ፣ ላግባሽ የሚል አለ፣ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ የሚል አለ። እህቴን ማጥመጃ አድርገዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ጥያቄዋ አንድ ነው።

“እዚያ የሚያለቅስላት ሰው ነበራት ወይ?”

“ነበራት፣ እማዬ።”

“ማን?”

ሥራ ጠሩኝ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ፣ እኔ ክፍል፣ ለለቅሶ የመጡት የእኔ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። እሷን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ስለዚህ ያቺ ባለ ሰማያዊ ሻሽ ወዳጅ ትሁን አታላይ ማወቅ ነበረብኝ። ለእናቴ የምመልሰው እሱን ሳውቅ ነው።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ ነው። በምሳና በእራት መካከል እረፍት አለኝ። በራሴ ስልክ፣ አዲስ ሰው መስዬ ገባሁ። ስሜን “ወንድም” አልኩት። አዲስ የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ ስለሚለብስ ያስታውቃል። መራመድ አልቻልኩም። ግድግዳ እየገጨሁ ቆየሁ።

ባለ ሰማያዊ ሻሿ መጣች።

“እንኳን ደህና መጣህ ወንድም። ግድግዳውን ተወው፣ ምን አደረገህ?” ብላ ጻፈች።

“ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?”

“ስምህ ላይ ጽፈኸው!”

አልሳቅኩም።

“በመጀመሪያ እኔን ብሎክ ማድረግ ላስተምርህ” አለች። “እዚህ ጋ ስትነካ አልታይህም። ያልተመቸህን ሰው እንደዚህ ታደርገዋለህ። በል ሞክር።”

ሞከርኩ፣ ጠፋች። መልሼ ሳመጣት እዚያው ቆማለች። ጎበዝ አታላይ ናት አልኩ በልቤ። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ረጅም ወንበር ላይ መቀመጥ አሳየችኝ። አዲስ ሰው ደክሞት ነው የሚመጣው አለች። ጃኬትም ሰጠችኝ።

“ምን ፈልገሽ ነው?” አልኳት።

“ምንም።”

“በነፃ የሚሰጥ የለም።”

“እኔም እንደዚሁ ብዬ፣ ያስተማረችኝን ልጅ ሦስት ቀን ብሎክ አድርጌያታለሁ። ብሎክ ማድረጉንም ያስተማረችኝ እሷው ናት።” ቀጠለች። “አል ዓይን ነው የምትሠራው። እኔ አቡ ዳቢ፣ አል ፈላሕ ነኝ። በአካል ተያይተን አናውቅም። አሁን ግን ሦስት ሳምንት ጠፋችብኝ። ተቀይማኝ ይሆናል፣ ባለፈው ተቆጥቻት ነበር። ከጎንህ ያለው ቦታ የእሷ ነው። ሰው አላስቀምጥበትም።”

እኔ አቡ ዳቢ የገባሁ ቀን እህቴ ደውላ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ሥራ አልነበረም። የሠራተኛ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቅ አለችኝ። ያልተመቸህን ሰው ኸላስ፣ በቃ ብለህ ሂድ፣ እኔንም ቢሆን፣ አለችኝ።

ቢሆንም ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። እንዲህ ማውራት ይለመዳል።

“ድምፅሽን አሰሚኝ” ብዬ ጻፍኩ።

“አልችልም፣ ማዳም አጠገቤ ናት።”

አታላይም የሚለው ይህንኑ ነው። ከጨዋታው ልወጣ ጣቴን ዘረጋሁ። ግን እውነቷን ከሆነስ? እህቴ የተቀየመቻት መስሏት ስትጠብቅ ልትኖር ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በጠዋት፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። እኔ ጋ ሽማግሌ የለም። ሰዓቱም አስር ተኩል ሆኗል። ለእራት ሥራ የሚጠሩኝ ግማሽ ሰዓት ቢቀራቸው ነው።

“እስኪ አንቺም ቁጭ በይ” አልኳት።

አልተቀመጠችም።

“ለምንድን ነው ቁጭ በይ ያልከኝ?” አለች።

“ወንድሟ ነኝ።”

ሌላ ቃል መጻፍ አላስፈለገኝም። ድምፅ ከፈተች። “ወይኔ እህቴ! እህቴ! ሳልታረቃት!” የእውነት ሴት ድምፅ ነው፣ የእውነት ለቅሶ። ከኋላዋ ሌላ ሴት በዐረብኛ ምን ሆነሽ፣ ምን ሆነሽ እያለች ትጮሃለች። ማዳሟ ናት። እንዳለችው አጠገቧ ነበረች።

እኔም የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። በዚያ መሃል በበሩ አንድ ባለ ግራጫ ልብስ ገብቶ ግድግዳ መግጨት ጀመረ። ልረዳው አልቻልኩም። መቀመጥ ተምሬ መነሣት ገና አልተማርኩም ነበር። እሷ ናት እያለቀሰች ወደ እሱ የሄደችው።

ያን ቀን እናቴ ስትደውል ያንኑ ጠየቀችኝ።

“ነበራት” አልኳት።

“ማን?”

“አል ፈላሕ የምትሠራ ልጅ። ስሟን ገና አልጠየቅኋትም፣ እማዬ። ነገ እጠይቃታለሁ።”