ሰኢድ "ጨርሼዋለሁ" ያለው ጌም

ተከፈተ! የመጨረሻው በር ዛሬ ዓይኔ እያየ ተከፈተ! እልል ስል እናቴን አስደነገጥኳት።

ልጅ ሆነን አራዳ፣ አባባ ሱቅ ጓዳ ውስጥ እንጫወተው የነበረው የካሴት ጌም በር ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ጌሙ ቀጥ ይላል። ካሴቱን አውጥተን እፍ እፍ እንለዋለን፤ ወይ ፍንክች!

ታላቅ ወንድሜ ሰኢድ ግን "አንቺ መድረሳ ሄደሽ እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ችሎታ ይጠይቃል" ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት አመንኩት!

ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሳይ ለካ ጌሙ ከተሠራ ጀምሮ ስህተት አለበት! የሚወዱት ሰዎች ማስተካከያ ሠርተው በነፃ ለቀውታል። አንደኛው ጭራሽ እንዳትሞቺ ያደርግሻል። ሌላው በሩን ብቻ ያስተካክላል።

በሩን ብቻ የሚያስተካክለውን መርጬ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። እንዲታዘንልኝ አልፈለግኩማ! ሞቼ ተነስቼ በራሴ እጅ ጨረስኩት። (መብራቱም ለዛሬ አላሳፈረኝም።)

ወዲያው ኮላ ድባ ከተማ ለሚነግደው ሰኢድ ደወልኩ።

"ያ በር እኮ ለማንም አይከፈትም ነበር። አንተ በየት ገባህ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከበሩ ወዲያ ምን አለ?" አለኝ።

አልነገርኩትም። መጥቶ ይጫወት!

እናንተንስ "ጨርሼዋለሁ" እያለ ያሳደጋችሁ ማነው? ታግ አድርጉትና ይመስክር።