አባ ዳማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረስ የነበሩት ሰው

አባ ዳማ ዐረፉ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ቴምቢሳ ባለው ሱቃቸው የሳሙና ካርቶን ወደ መደርደሪያ ሲያወጡ ልባቸው ቆመ። ይህን የምጽፈው ከከተማው ወጣ ባለችው ሜዳችን ለምታውቋቸው፣ አማርኛም ለምታነቡ ጥቂቶች ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም አልጽፍም፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንዲጻፍ አይወዱም ነበርና። የድሮ ሰዎቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። እሳቸው ግን ፈረሱም ራሳቸው ስለነበሩ ስሙን ከማንም አልተዋሱም።

ይህ ጽሑፍ የማያውቀን ሰው እጅ ቢገባ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም አዋቂዎች ነን፤ የምንጫወተውም በፈቃዳችን ነው። አንዱ ልጓምና ጠፍር አድርጎ ፈረስ ይሆናል፣ ሌላው ገመዱን ይዞ ያራምደዋል። ፈረሱ አፉ ስለተለጎመ በእጁ ትንሽ ቃጭል ይይዛል፤ ከጣላት ጨዋታው እዚያው ይቆማል፣ ለምን የሚል የለም። እኔ ነጂ ነኝ። ጉልበቴ ቢፈቅድ ፈረስ መሆንም አልጠላም ነበር፤ ነገር ግን በሰባ ዓመቴ የሚያዋጣኝ የቆመ አህያ መሆን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጆሃንስበርግ ውስጥ ከየት ይገኛል? እኔ ስልኬ ላይ መፈለግ የጀመርኩት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ፣ ዮቪል ሰፈር ያለው ክፍሌ ዝም ሲልብኝ ነው። አንድ ቡድን መለሰልኝ። አዲስ ሰው መጀመሪያ በጠራራ ፀሐይ፣ በተራ ልብሱ፣ ካፌ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ተዋውቆ ከተማመነ በኋላ ነው ሜዳ የሚወጣው። ሦስት ቅዳሜ ካፌው በር ድረስ ሄጄ፣ መኪናዬ ውስጥ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሐበሻ! አባ ዳማ ነበሩ።

ከየት እንደመጣሁ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። «ኬንያ» አልኩ፣ ይህን አፍንጫ ይዤ። መልሼ ብጠይቅ «ሩዋንዳ» አሉኝ። መልካችን ይመሰክርብን ነበር፤ ሁለታችንም ግን ላለማየት ወሰንን። አንዱ የሌላውን ጉድ ቸርች ወይም ዕድር ይዞ እንዳይገባ ፈርተን ነው። ወሬ ከዚህ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ለመድረስ አውሮፕላን አይጠብቅም።

ሰባት ወር በስብርባሪ እንግሊዝኛ ተግባባን። አንድ ቅዳሜ ገመዱን ይዤ ሳራምዳቸው የፍልፈል ጉድጓድ እግራቸውን ያዘና ተንገዳገዱ።

«እኔን!» አልኩ።

ቃጭሏ ወደቀች። ልጓሙን ከአፋቸው አውጥተው ፈጠጡብኝ። «አባቴ፣ ኬንያ ውስጥ ሰው ሲደናቀፍ ‹እኔን› የሚለው የትኛው መንደር ነው?»

«ሩዋንዳ ድንበር አጠገብ ያለው» አልኳቸው።

ሣሩ ላይ ተቀምጠን እስክናነባ ሳቅን። ሌሎቹ ታመው ነው ብለው ውሃ ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉን አወጉኝ። በወጣትነታቸው ሆሳዕና ጋሪ ይነዱ ነበር። «ስንቱን ፈረስ በአለንጋ ሸነቆጥኩ፤ አንዱንም ፈቃዱን ጠይቄው አላውቅም» ይሉ ነበር። ለምን ፈረስ መሆን እንደሚወዱ ስጠይቃቸው ደግሞ «ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሁሉም እኔን ይጠይቃል። ልጓም ስጎርስ ማንም ምንም አይጠይቀኝም» አሉኝ።

የቡድኑን ጠፍር ሁሉ በወስፌ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ትከሻው ለሚያመው የበግ ለምድ ከሥሩ ያደርጉለታል። ከመታሰሩ በፊት ጣታቸውን ከቆዳው ሥር ያስገባሉ፤ «ሁለት ጣት ካላስገባ አውልቀው» ይላሉ፣ የማንም ችኮላ አይገዳቸውም። አንድ ጊዜ ከዮቪል የመጣች ፀጉር ሠሪ ካፌው ውስጥ አልቅሳ ልትነሣ ስትል፣ ወንበሯን ሳብ አድርገው «እህቴ፣ ሜዳ መውጣት ግዴታ አይደለም። ሻይሽን ሳትጨርሺ መሄድ ግን በእኛ አገር ነውር ነው» አሏት። ጨረሰች፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ከእኛ አልተለየችም። አሁን ኬፕ ታውን ናት፤ ይህን ታነበዋለች።

አንዳችን የሌላውን ቤትና ሱቅ ላንረግጥ ተስማምተን ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ፈሪው። ስለዚህ ሞታቸውን የሰማሁት እንደ ማንም ሰው ነው፤ ፎቶአቸው ከነሙሉ ስማቸው ስልክ ለስልክ ሲዞር። የአባታቸውን ስም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ለቅሶ ሄድኩ። ታናሽ ወንድማቸው ሻይ እየቀዳልኝ «አባቴ፣ ከጋሼ ጋር በምን ትተዋወቁ ነበር?» አለኝ።

«ደንበኛ ነኝ፤ የስልክ ኤርታይም እገዛ ነበር» አልኩት።

ከዮቪል ቴምቢሳ ድረስ፣ ለኤርታይም! እሱም ገርሞት አየኝ። በዚህ ከተማ ሳልዋሽ ያወቀኝ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱኑ ሬሳው አጠገብ ካድኩት። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ መቼም ልማዴ ነው።

ዓርብ በቸርቹ አዳራሽ፣ አስከሬናቸው ወደ አገር ከመሸኘቱ በፊት ፓስተሩ ቃል ያለው ካለ ይናገር አሉ። ስነሣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ደንበኛ አይደለሁም፤ ጓደኛቸው ነኝ። አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሜዳ ላይ እንሄድ ነበር። የቀረው የእሳቸው ነው፤ ከእሳቸው ጋር ይሂድ።»

ወንድማቸው ተነሥቶ መጣና ክንዴን ይዞ ከቤተሰቡ መሐል አስቀመጠኝ። «ጋሼ ቅዳሜ እየዘመሩ ነበር የሚገቡት» አለኝ በቀስታ። «ማን እንደሚያስደስታቸው ሁልጊዜ እናስብ ነበር።» ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

አባ ዳማ፣ ትናንት ሜዳው ሄጄ ነበር። የቡድኑ ሰዎች ሌላ ፈረስ ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ ደግነታቸው ነው፣ እምቢ አልኩ። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ብቻዬን ዞርኩት። ከአጠገቤ የሚተነፍስ ሰው ሳይኖር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያየሁት ትናንት ነው። የአገርዎ አፈር ለስላሳ ነው አሉኝ። ደህና ይሂዱ፣ ወዳጄ። ከእንግዲህ እንደፈቀደዎት ይርገጡ፤ ገመዱን ለቅቄያለሁ።