ከመነሣት እስከ ማረፍ

አያቴ የአየር ኃይል አብራሪና የበረራ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሐይቅ ከተማ ከገባ በኋላም አንድ የሥራ ልማዱ አልለቀቀውም። እኛ የልጅ ልጆቹ ባጠፋን ቁጥር ያቆመንና «ከመነሣት እስከ ማረፍ!» ይለናል። ተማሪዎቹ ከበረራ ሲመለሱም እንዲሁ ያደርጋቸው ነበር፤ ስሕተታቸውን ራሳቸው፣ በጓደኞቻቸው ፊት፣ በቅደም ተከተል ይናገራሉ። አንዷን ከዘለሉ እንደገና ይጀምራሉ።

በለውጡ ሰሞን ለአንድ ስብሰባ ተጋብዞ የድሮ የደንብ ልብሱን ከሣጥን አወጣ። ጠብቦት ስለነበር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ወገቡን አሰፋለት።

«ሻምበል፣ ሆድዎ ያለ ፈቃድ ተነሥቷል» ብሎ ሲያሾፍበት፣ አያቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ታጣቂዎች በራችን ላይ ቆመው ውኃ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ብቅ አለና፣ «የዚህ ቤት ሰውዬ አብራሪ ነው፤ የደንብ ልብሱ ሣጥኑ ውስጥ አለ» አላቸው። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። አያቴን ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ቀኝ ክንዱ ተሰባብሮ ነበር። አውሮፕላን እንዴት እንደሚዞር የሚያሳየን በዚያ እጁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያ እጁ ተነሥቶ አያውቅም።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ልብስ ሰፊው አበጋሮችን፣ ማለትም ቂም የሚያበርዱትን የአገር ሽማግሌዎች፣ ላከ። እኔ እርቁን አልፈለግሁም።

«አባባ፣ እንመስክርበትና ይታሰር» አልሁት።

«መጀመሪያ ይናገር» አለኝ።

በሐይቁ ዳር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው «ሻምበል፣ ካሳዎ ምን ይሁን?» አሉት።

«ካሳ አልፈልግም። ከመነሣት እስከ ማረፍ ይናገር።»

ልብስ ሰፊው ቆመ። «መጡ… የማን ቤት ነው ብለው ጠየቁኝ… ፈራሁ…»

አያቴ ወደ እኔ ዞረ። ውሸት ነው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንደገና።»

«ሻምበል፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልጆቼ እያዩኝ ነው!»

«የእኔም አይተዋል። እንደገና።»

በሦስተኛው ድምፁ ሰለለ። «አልጠየቁኝም። ውኃ ብቻ ነበር የፈለጉት። ሱቄን እንዳይነኩብኝ ብዬ… ራሴ ነኝ የነገርኋቸው።»

ሚስቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ደስ አለኝ።

ሽማግሌው ዱዓ ጀመሩ። አያቴ ግራ እጁን ብቻ ዘርግቶ «አሚን» አለ። የእኔ ሁለቱም እጆቼ ደኅና ነበሩ። ከጭኔ ላይ አላነሣኋቸውም።